በጎረቤት ክፍል የቀኑት መምህርት ፍሬሕይወት ዘውዴ

መምህርት ፍሬሕይወት ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ዘውዴ በዛብህና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ደምሴ በ1965 ዓ.ም. በጭሮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ወደ ሐረር ሲዛወሩ እሳቸው ገና ጡት አልጣሉም ነበርና አገራቸው ሐረር ሆነች። እዚሁ ተምረው በ1986 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኑ። በ1990 ዓ.ም. ከአቶ አሰፋ ገብሬ ጋር ጎጆ ቀልሰው ሚኪያስንና ብሌንን አፈሩ።

በትምህርት ቤታቸው በእንግሊዝኛ የሚስተካከላቸው አልነበረም፤ በ2004 ዓ.ም. የጀጎሏ ልጅ መምህርት ጀናት ዐብዱልባሲጥ ጎናቸው ያለውን ክፍል እስኪይዙ ድረስ። የጀናት ተማሪዎች ረጅሙን ቃል እያጨበጨቡ ይከፋፍሉታል፤ ኮ-ሚዩ-ኒ-ኬ-ሽን። ቃሉ የሚጠነክረው «ኬ» ላይ ነውና እዚያ ሲደርሱ መሬቱን በእግራቸው ይመታሉ። የፍሬሕይወት ተማሪዎች ግን የትም ላይ ሳያጠነክሩ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ድምፅ ይወጡታል። ቅናት የፍሬሕይወትን አንጀት በላው። ለጀናት ሰላምታ ነፈጉ። ማታ ማታ ለባለቤታቸው፣ «ጭብጨባም ትምህርት ሆኖ!» እያሉ ራታቸውን ይተዉ ነበር።

ጀናት ወልደው ዕረፍት ሲወጡ ክፍላቸው ለፍሬሕይወት ተሰጠ። «ፎቶግራፊ» የሚለውን ቃል «ፎ» ላይ አጠንክረው ቢያነቡ፣ ክፍሉ በሙሉ «ቶ» ላይ መሬቱን በእግሩ መታ፤ ትክክሎቹም ልጆቹ ነበሩ። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሸዋ በር ገበያ ወርደው ማር ገዙና አራሷ ቤት ሄዱ።

«ለጥየቃ ብቻ አልመጣሁም። ቀንቼብሽ ነው፤ አስተምሪኝ» አሏቸው።

ጀናት ሕፃኗን እንዳቀፉ ሣቁ። «አልሐምዱሊላህ! እኔ የጠሉኝ መስሎኝ ነበር። ይቀመጡ።»

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ክፍሎች አብረው ይለማመዱ ጀመር፤ ርእሰ መምህሩ ወለሉ ሊፈርስ ነው ብለው እስኪያማርሩ። ቅናቱ ግን ፍሬሕይወትን ጨርሶ አልለቀቃቸውም። ጀናት ለመምህራን አሠልጣኝነት ሲመረጡ አኩርፈው ሰነበቱ፤ ኋላም ራሳቸው ሄደው ታረቁ።

በ2016 ዓ.ም. ፍሬሕይወትን የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሲያውላቸው፣ ጀናት ከሥራ ሲወጡ አቦከር ከሚገኘው ቤታቸው አይቀሩም ነበር። ፍሬሕይወት በመጨረሻ ሰሞናቸው፣ «ክፍሌን ጀናት ትያዘው። ሌላ ሰው ከያዘው መቃብር ውስጥም ሆኜ እቀናለሁ» አሉ።

በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው አቶ አሰፋ፣ ልጆቻቸው ሚኪያስና ብሌን፣ እንዲሁም እኅታቸው መምህርት ጀናት ዐብዱልባሲጥ ቀርተዋል። «እኅት» ተብሎ እንዲጻፍ ያዘዙት ራሳቸው ፍሬሕይወት ናቸው።

አምላክ ለድካማቸው ዕረፍትን፣ ለነፍሳቸው ብርሃንን፣ ለሁላችንም መጽናናትን ይስጥልን።