የሐጂ ዑመር ነጠላ ጫማ

አሰብ፣ ዓርብ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ተረከዜን ማመም ከጀመረኝ ሦስተኛ ወሩ ነው። ዛሬ ወደ ሐጂ ዑመር ቤት የሄድሁትም፣ ከእንግዲህ በየዓርቡ በእግሬ መምጣት እንደማልችል ልነግራቸው ነበር። ሐጂ በወደቡ ክሬን ሲነዱ ኖረው እንደ እኔ ጡረታ የወጡ ወዳጄ ናቸው። ነገሩ ከአፌ አልወጣ ስላለኝ፣ ሻያችንን ጠጥተን ሳልናገር ተሰናበትሁ።

በመንገድ ላይ ግን ተረከዜ ዝም አለ። አስፋልቱ እንደ ወትሮው አልነረተኝም። ተደንቄ ቆምሁና አጎንብሼ አየሁ፤ ለካ ከበሩ ላይ ያጠለቅሁት የእርሳቸውን ጫማ ኖሯል። ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን የገዛነው ጥቁር ነጠላ ጫማ ስለሆነ በመልክ አይለይም። ከውስጥ ቆዳው ሥር ግን ወፍራም ስፖንጅ ተለጥፎበታል። «ጠንካራ ሶል ሰውን ቀጥ ያደርጋል» እያልሁ ስመክራቸው፣ «ልክ ነው፣ መምህር» ሲሉኝ ከርመዋል!

ተመለስሁ። ሐጂ የእኔን አጥልቀው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ወላሂ መምህር፣ ይህ ጫማ ነው ወይስ የመርከብ ወለል?»

«ስፖንጁን ለምን ሸሸጉኝ?»

«እንዳይቆጡኝ ፈርቼ ነዋ!»

ሁለታችንም ሳቅን። ጫማችንን ተለዋውጠን፣ ስፖንጁን ወደ ለጠፈላቸው ጫማ ሰፊ አብረን ሄድን። የእኔንም እዚያው አሠራሁት። ስንለያይ፣

«እንግዲህ ዓርብ፣ ኢንሻ አላህ» አሉኝ።

«ዓርብ» አልሁ። ልነግራቸው የሄድሁትን እስካሁን አያውቁም።