አንገቴ ላይ የነበረችው ማንኪያ

ቢቸና፣ ሚያዝያ ፲፭ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ውድ ከፋለ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። ያንተን እንዳልጠይቅ ሞጣ ጊዮርጊስ ካሳረፍሁህ ሦስት ወር ሊሞላ ነው። የእኔን እንዳልነግርህ ደግሞ እዚያም ሆነህ መድኃኒት ልታዝልኝ ትነሣለህ ብዬ ተውሁት። ብቻ እህል እቀምሳለሁ፣ ለሰው ሰላምታ እመልሳለሁ። ይህን የምጽፍልህ በአፌ ልነግርህ የሚገባኝን ነገር ጉሮሮዬ ላይ ይዤው ስለቀረሁ ነው።

ቢቸና ክሊኒክ ተመድበህ ስትመጣ ሰዉ ሁሉ «ዶክተር» ይልህ ነበር፤ አንተም «ድሬሰር ነኝ፣ የሐኪም ረዳት» እያልህ ታርም ነበር። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዘንግህንና ክርህን ይዘህ ወደ ሱሃ ወንዝ ስትወርድ ግን ዶክተርነትህ ይቀርና የከተማው መሳቂያ ትሆናለህ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ውሃ ካላየ እንደማይሆንለት ማን ያውቃል? ግቢያችን ተከራይተህ ሳለ እናቴ «ዓሣ በድስቴ አይገባም» ብትልህ የራስህን መጥበሻ ገዝተህ ጓሮ ስትጠብስ፣ እኔ በነጠላዬ አፍንጫዬን ይዤ እስቅብህ ነበር። ዓሣ በትል እንደሚያዝ ነበር የማውቀው። በጌጥ እንደሚያዝ ማን ነግሮኝ?

በጥር ተጋባን። በዚያው በስልሳ ዓመተ ምሕረት፣ የፋሲካ ሰሞን፣ አንተ ለሥራ ደብረ ማርቆስ ሄደህ ሳለ ሣጥንህን ሳጸዳ አንዲት የቅባት ቆርቆሮ አገኘሁ። ውስጧ ጥጥ፣ ጥጡ ውስጥ እሷ። ትንሿን ጣቴን የምታህል፣ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለች፣ የምታብለጨልጭ፣ ባንድ ጫፏ ቀይ ዓይን ያላት። በሌላው ጫፏ ሦስት ቆልመም ያሉ መርፌዎች ተንጠልጥለዋል። የፋሲካ ስጦታዬ ናት ብዬ ቆረጥሁ። መርፌዎቹ ቀሚስ ላይ መያዣ መሰሉኝ። የአዲስ አበባ ሴቶች እንዲህ ነዋ የሚያደርጉት፣ አልሁ ለራሴ።

እስክትመጣ መጠበቅ አላስችል ብሎኝ ብር ሠሪው አቶ ባዘዘው ዘንድ ወሰድኋት።

«ብር አይደለችም፣ ልጄ» አሉኝ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው። «ነሐስ ናት፤ ብር ተቀብታ ነው።»

«ባሌ ያመጣልኝ ናት። በወርቅም አልለውጣት» አልኋቸው።

መርፌዎቹን ነቀሉልኝ። ጀርባዋ ላይ የነበረውን የፈረንጅ ጽሑፍና ቁጥር በሞረድ አጥፍተው በቦታው መስቀል ቀረጹበት። በማተቤ አንጠልጥዬያት ወጣሁ።

የቅዳም ሹር ዕለት መጣህ። በር ላይ ተቀብዬህ አንገቴን ቀና አድርጌ «አገኘኋት!» አልሁህ። ያን ጊዜ የነበረውን ፊትህን ዛሬ ደጋግሜ አየዋለሁ፤ ያኔ ግን አላየሁትም። ቦርሳህን መሬት አስቀመጥህ። ቀረብ ብለህ በጣትህ ነካሃት፤ ገልብጠህ መስቀሉን አየህ።

«ያምርብሻል» አልህ። ቦርሳህን አንሥተህ ገባህ።

ከዚያ በኋላ ወንዝ መውረድ ተውህ። እኔም ባሌን ከዓሣ ሽታ ገላገልሁት ብዬ ለጎረቤት አወራሁ። አንድ ቀን «ወንዙ አይናፍቅህም?» ብልህ «ዓሣዎቹም ይረፉ እንጂ» አልኸኝ፤ እኔም ከልቤ ሳቅሁ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሴቶቹ ጌጤን እየነኩ «ማን ሰጠሽ?» ሲሉኝ «ባሌ» እል ነበር። ሞኝ ነበርሁ፣ ከፋለ። ደስታዬ ዓይኔን ጋርዶብኝ ነበር።

በስልሳ ሦስት መስከረም ወደ ሞጣ ተዛወርህ። እናቴ አልጋ ይዛ ነበርና እኔ ቀረሁ። «እናትሽን አስታሚ፤ እኔ ጎልማሳ ነኝ» አልኸኝ። ከዓመት በላይ አስታምሜ እናቴን በዘንድሮው ኅዳር ቀበርኋት፤ የገናን በዓል ሳንውል ያንተ መታመም ተነገረኝ። ደብረ ወርቅ አድሬ ሞጣ ስደርስ ዓይንህ ቢጫ ሆኖ፣ ሆድህ ተነፍቶ አገኘሁህ። «ጉበቴ ነው» አልኸኝ። «የራሴን በሽታ ባላውቀው ይሻለኝ ነበር።»

በጥር መጀመሪያ አንሶላ ልቀይርልህ ስል ነው ከአልጋህ ሥር ያን የወረቀት እሽግ ያገኘሁት። አንተ ተኝተህ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ለአዲስ አበባ ሱቆች ስትጽፍ ኖረሃል። አንደኛው «በመጋዘናችን የለም» ይልሃል። ሌላው «የፋብሪካውን ቁጥር በትክክል ይላኩልን» ይላል። የመጨረሻው ደግሞ ፋብሪካው ያን ዓይነቱን፣ ውሃ ውስጥ እየዞረ በብልጭታው ዓሣ የሚያታልል ማጥመጃ መሥራት እንዳቆመና ሌላ ዓይነት እንደሚተካልህ ይገልጻል። ከመልሶቹ ጋር የማንኪያዋ ስዕል ነበር፤ ቀይ ዓይኗ ሳይቀር። ያንተ የደብዳቤ ረቂቅም ነበር።

«ቁጥሩን በደንብ አላስታውስም፤ የመጨረሻው ሦስት ወይም ስምንት ይመስለኛል። ዕቃው በእጄ ስለሌለ ማረጋገጥ አልቻልሁም። አባቴ ዝዋይ ላይ አንድ የውጭ አገር ሰው በጀልባ ሲያመላልስ የተሸለመው፣ ወደ ትምህርት ስሄድም ለእኔ የሰጠኝ ስለነበረ፣ ዓይነቱ እንዳይለወጥብኝ አደራ እላለሁ።»

ዕቃው በእጄ ስለሌለ። በአንድ ትራስ ተኝተን፣ አንድ ስንዝር ሳትርቅህ! ማተቤን ስቤ ገለበጥኋት። ሦስት ነው ስምንት የሚለው ቦታ ላይ መስቀሌ ተቀርጿል። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ጓሮ ወጣሁ።

የክሊኒኩ ዘበኛ ማናዬ እንጨት ሲፈልጥ አገኘኝና እንባዬን አይቶ መጥረቢያውን አስቀመጠ። ስዕሉን አሳየሁት።

«እትዬ፣ እሷን ነው እንዴ?» አለኝ። «የሳርዲን ቆርቆሮ እየቆረጡ ስንቱን ሠሩ መሰለዎት! ቅዳሜ ቅዳሜ አዝዋሪ ወንዝ አብረን እንወርዳለን። ይወረውራሉ፣ ይስባሉ፣ ባዶ። ‹የእሷን ያህል አትዞርልኝም› ይላሉ። እኔማ የሆነች ሴት መስላኝ እርስዎን ሳዝንልዎት ነው የኖርሁ።»

እያለቀስሁ ሳቅሁ። ቢቸና የተውኸውን ሞጣ ላይ፣ እኔ በማላይበት፣ ጀምረኸው ኖሯል። ያን ቀን ከራሴ ጋር ተማማልሁ፤ ከመሞትህ በፊት አንዲት እንደሷ ያለች እጅህ ላይ አኖራለሁ አልሁ። ያነበብሁትን ግን ላንተ አልነገርሁህም።

የሞጣን ሱቅ ሁሉ ስዕልህን ይዤ ዞርሁ። ማንኪያ ያሳዩኛል፣ የጉትቻ ማንጠልጠያ ያሳዩኛል። ደብረ ማርቆስ ለሚሄድ ነጋዴ ሁሉ አደራ ሰጠሁ። በዚያው ሰሞን የፈንጣጣ ክትባት የሚሰጡ ሰዎች ሞጣ ገቡ፤ አንደኛው ጢሙ የቀላ፣ አማርኛ የሚሞካክር ወጣት ፈረንጅ ነበር። ስዕሉን ገና ሲያይ ፊቱ በራ።

«እኔ አውቃለሁ! አባቴ አለው… ነበረው» አለኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «አሁን የለም። ፋብሪካ ተወ። ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ የለም።»

ከራሱ ሣጥን ሌላ ዓይነት አውጥቶ ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋ። አመስግኜ መለስሁለት። ወደ ቤት ስመለስ ነው እጄ አንገቴ ላይ ያረፈው። በዓለም ላይ የለም የተባለውን ዕቃ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ኖሯል ሱቅ ለሱቅ የምዞረው።

መንጠቆዎቹ ያሉት ቢቸና፣ አቶ ባዘዘው ዘንድ ነው። ከፈረንጁ መንጠቆ ብቀበል ሞጣም ብር ሠሪ ነበር፤ በአንድ ቀን ይገጥምልኝ ነበር። ይህ የታየኝ አሁን ነው። ያኔ የፈለግሁት አባትህ የሰጡህን ራሷን፣ ምንም ሳይጎድልባት ልመልስልህ ነበር። አልጋህ ጫፍ ተቀምጬ «የእናቴን ተዝካር ነገር አይቼ ልምጣ» ብዬ ዋሸሁህ።

«አሁን?» አልኸኝ።

«አምስት ቀን ናት።»

«አምስት» አልህ፣ ጣሪያውን እያየህ። አልከለከልኸኝም። አንተ መቼ ከልክለኸኝ ታውቃለህ?

አቶ ባዘዘው የብረት ቁርጥራጭ የሚያኖሩባትን ጣሳ ዘረገፉና መንጠቆዎቹን አገኟቸው። ዝገዋል። በዘይት አሽተው፣ ሞርደው ገጠሟቸው። የምን መንጠቆ እንደሆኑ ስነግራቸው ሥራቸውን አቁመው ቀና አሉ።

«ታዲያ ባልሽ ያን ጊዜ መጥቶ ለምን አልተቆጣኝም?» አሉኝ።

በበቅሎ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ተመለስሁ።

ማናዬ በር ላይ የበቅሎዬን ልጓም ተቀበለኝ። «ጧት ማታ ‹መጣች ወይ?› ነው፣ እትዬ። መልሱ አለቀብኝ» አለኝ። ፊትህ በአምስት ቀን ውስጥ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ማንኪያዋን መዳፍህ ላይ አኖርሁልህ። ብዙ ደስታ ጠብቄ ነበር። አንተ ግን እሷን አላየሃትም፤ እኔን ነበር የምታየው።

«አንገትሽን ምን አደረግሽው?» አልኸኝ።

«ላንተ ነዋ። ደብዳቤዎችህን አይቻለሁ፣ ከፋለ። ይቅር በለኝ። ሳላውቅ ነው።»

ማንኪያዋን በመዳፍህ ጨበጥሃት።

«ለዚህ ነው ቢቸና የሄድሽው?»

«አዎ።»

«አንቺ ሴት!» አልህ፤ ቁጣም ሳቅም ነበረበት። «ሌላ የፈለግሁት እኮ ያቺን ላንቺ ልተውልሽ ብዬ ነው። ያን ቀን በር ላይ እንዲያ ስቀሽ ቆመሽ፣ ከዚያ አንገት ላይ ማን ወንድ ነው አውልቆ የሚወስድ?»

ከዚያ ማናዬን ጠራኸው። «የጥርስ መንቀያውን አምጣልኝ» አልኸው። ክሊኒክ ሮጦ አመጣ። የስንቱን ሰው ጥርስ የነቀለ እጅህ አልታዘዝ አለህ። ማናዬ እጁን በእጅህ ላይ ደርቦ ያዘልህ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ መንጠቆዎቹ ብርድ ልብስህ ላይ ወደቁ። «ጎንበስ በይ» አልኸኝ። ማተቤን ለማሰር ያን ያህል ጊዜ የፈጀ ሰው የለም። ትንፋሽህ ጆሮዬ ላይ ነበር።

«ያኔ ራስሽ ወሰድሻት» አልኸኝ። «አሁን እኔ ሰጠሁሽ።»

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ቆየህ። ስነሣ ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረህ፤ አምስቱን እኔ በቅሎ ላይና ብር ሠሪ ደጅ አሳለፍሁት። ጉሮሮዬ ላይ የቀረው ይህ ነው። አንተ ‹መጣች ወይ?› ስትል እኔ አንተ የማትፈልገውን ፍለጋ ሄጄ ነበር። ስለ ማንኪያዋ ይቅርታ ጠይቄህ ምሬሻለሁ ሳትል ማርኸኝ። ስለ አምስቱ ቀን ግን አልጠየቅሁህም፤ አፌ እምቢ አለኝ። አሁን እጠይቅሃለሁ። ማረኝ፣ ከፋለ።

አርባህን አውጥቼ ወደ ቢቸና ተመለስሁ። መንጠቆዎቹን በዚያችው በቅባት ቆርቆሮ፣ በጥጥ ጠቅልዬ አኑሬያቸዋለሁ። ክረምቱ ሲወጣ፣ አዲሱ ዓመት ሲገባ፣ ዝዋይ እሄዳለሁ። አባትህ ያቺ ማንኪያ የት ደረሰች ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አንገቴን አሳያቸዋለሁ፤ መንጠቆዎቹን እጃቸው ላይ አኖራለሁ፤ አንዱንም ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ። ከተቆጡኝ አንተ ያልተቆጣኸኝን ተቆጡልህ ማለት ነው።

ዘንድሮ ፋሲካን በጥቁር ልብሴ ቤተ ክርስቲያን ዋልሁ። ከቅዳሴ ስንወጣ አዲስ የመጣ አስተማሪ ሚስት፣ ታሪኬን የማታውቅ ልጅ እግር፣ አጠገቤ ቆማ ማንኪያዋን ነካ አደረገች።

«እንዴት ታምራለች! ማን ሰጠዎት?» አለችኝ።

«ባሌ» አልኋት። አራት ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ የመለስሁት ይህንኑ ነው፤ እውነት ሆኖ ከአፌ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ያንተዋ
ጥሩአየሁ