ውሃችሁን አምጡ

ቡታጅራ፣ ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል

ስማ፣ ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ዛሬ ጧት የላይኛዋ የፊት ጥርሴ ከሽንብራ ቆሎ ጋር ስትዋጋ ወደቀች። ረጅም ዘመን በታማኝነት አገልግላለች። ቀብሯ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር ተፈጸመ። ለቀስተኛ፦ እኔና አንዲት ዶሮ።

አስካለ (የልጄ ልጅ፤ ከእንግዲህ አስ. እላታለሁ፣ ቀለም ተወዷል) ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ሳቀች። እንግዲህ ለልጄም ለእርስዎም እኔው ላኝክ ነው አለችኝ። በዚያ ጉንጭሽ ለሰፈሩም ይተርፋል አልኳት። ፊቷ ክብ ብሏል። ድፎ ዳቦ። ስሟም «ድፎዬ» ሆኗል። መውለጃዋ እየቀረበ ነው። ጎረቤታችን ወ/ሮ ዘይነባ፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የምታዋልደው፣ ባየቻት ቁጥር «ማሻአላህ፣ ቅቤው ገባላት!» ትላለች። ቅቤው የእንሴኖ ገበያ ነው፤ ገዢው እኔ። ደረቴን ነፋሁ።

ሌላ ወሬ። የጣልያኑ ሐኪም በየገበያው ነፍሰ ጡር እየሰበሰበ ይመረምራል። ያበጡ ሴቶች መውለጃቸው ሲደርስ ለምን አንቀጥቅጧቸው እንደሚሞቱ ማወቅ ይፈልጋል አሉ። ውሃቸውን ተቀብሎ በእሳት ያፈላል። ለመጣች ሴት ስኳር ይሰጣል። አስ. ባለፈው ገበያ ሄዳለች። ጤነኛ ነሽ ተብላለች። ስኳሩን እኔ ልሼዋለሁ። ጣልያን ካደረገው ሁሉ ይህቺ ብቻ ጣፈጠችኝ።

ኅዳር ፲፬፣ ከሰዓት

ማስታወሻዬ፣ ያዘኝ፣ በሳቅ ልሞት ነው። አስ.ን ምን ዓይነት ውሃ ወሰድሽለት አልኳት። «ከምንጭ ነዋ የቀዳሁት! ንጹሕ እንዲሆንልኝ ማልጄ ሄጄ።» አስተርጓሚው በሴቶች ፊት ሽንት ማለት አፍሮ «ውሃችሁን አምጡ» ብሏል። የመስቃን ሴት ሁሉ የምንጭ ውሃ በጠርሙስ ይዛ ሄደች! ሐኪሙም የምንጭ ውሃ ሲያፈላ ከርሞ፣ የዚህ አገር ሴት አንዷም በሽታ የላትም ብሎ ተደንቋል።

ማታ

ሳቁ ሄደ።

እግሯን ላሽላት ብዬ ያዝኩት። ለቀልድ፣ ድፎው ቦክቷል ወይ ብዬ አውራ ጣቴን ቅልጥሟ ላይ ጫንኩ። ጣቴን አነሳሁ። ጉድጓዱ ቀረ። እንደ ሊጥ። ቆይቼ አየሁት፣ አልሞላም።

ራሴን ያመኛል አለችኝ። ዓይኔ ላይም ብልጭ ብልጭ ይላል አለች። ከመቼ ጀምሮ? ጉድጓዱን በቀሚሷ ሸፈነች።

እናቷም እንዲህ ነበረች። ልጄ። እሷንም ወፈርሽ፣ አማረብሽ እያልን ነበር። ከዚያ ምጡ ላይ አንቀጠቀጣት። ጋኔን ነው አሉ፣ ጠበል ረጩ። ይህቺን አስ.ን አስታቅፋኝ ሄደች።

ቅቤ አልነበረም። ያኔም አልነበረም።

ኅዳር ፲፭፣ ጾም ገባ

ጣልያን ሰፈር እግሬን አላስገባም ብዬ ምዬ ነበር። የአስ. ባልም ከአርበኞች ጋር ዱር ነው። የማን ሚስት ናት ቢሉኝስ? ሌሊቱን ይህን ሳሰላስል ነጋ። ጧት መሐላዬን በላሁት። ጥርስም አያስፈልገውም።

በበቅሎ ወሰድኳት። ወ/ሮ ዘይነባ መንገድ ላይ ቆማ ተቆጣች፤ ወላሂ፣ ሰው ሲያረጅ ልጁን ለጠላት ይሰጣል አለች። ቅልጥሟን ተጭነሽ እዪ አልኳት። ተጫነች። ከዚያ ነጠላዋን አጥብቃ ተከተለችን።

አስተርጓሚው መጀመሪያ የባሏን ስም ጠየቀ። ሳል ያዘኝ። እስኪተወው ድረስ ሳልኩ።

ሐኪሙ ቀጭን፣ መነጽራም። ክንዷን በጨርቅ ጠርንፎ ነፋው፣ ፊቱን አጨለመ። የዛሬው ውሃ ግን እውነተኛው ነው። በቀጭን ብርጭቆ አፈላው። ነጭ ሆነ። ረጋ። አይብ! ወ/ሮ ዘይነባ አፏን ያዘች።

የምንጩን ነገር ነገርኩት። አስተርጓሚው ላብ በላብ ሆኖ ተረጎመ። ሐኪሙ ቁጭ አለ። የስንት ገበያ ልፋቱ የምንጭ ውሃ! ይቆጣል ስል ሳቀ፣ ዓይኑን እስኪጠርግ። መንስኤው ምንድን ነው አልኩት። አላውቅም፣ በአገሬም የሚያውቅ የለም አለ። አላውቅም ሲል የሰማሁት የመጀመሪያው ጣልያን ይህ ነው።

ትእዛዝ፦ ጨው የለም። ሥራ የለም። ጨለማ ቤት፣ በግራ ጎን መተኛት። ካንቀጠቀጣት እናትም ልጅም ሊሄዱ ይችላሉ። ይህን ሲል አስተርጓሚው ወደ እኔ ብቻ ዞሮ ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ደግ ልጅ።

ኅዳር ፲፯፣ ገበያ

ዛሬ አዋጅ ነጋሪ ሆንኩ። በርበሬ ተራ መሐል ቆሜ «ሽንት! ሽንት ነው ያላችሁ!» ስል ዋልኩ። ሴቶቹ ነጠላ አፋቸው ላይ አድርገው ሮጡ። ለሽማግሌ ነውር የለውም። በኋላ ተመልሰው መጡ፣ ጠርሙሳቸውን ከጉያቸው ሸሽገው። ወ/ሮ ዘይነባ ከኋላ ሆና እየነዳቻቸው። ከመካከላቸው የአንዲቱ ረጋ። እሷም እንደ አስ. ጨለማ ቤት ተኛች።

ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን

አስ. ለጨው አለቀሰች። እውነት፣ ለጨው። ቆጮ በጎመን፣ ያለ ጨው። ብቻዋን አትበላም ብዬ እኔም ተውኩ። የጾም ጎመን ያለ ጨው ምን እንደሆነ ታውቃለህ ማስታወሻዬ? ሣር ነው። በሬ ሆነናል፣ እምቧ አልኳት። እምቧ አለችኝ። ሳቀች፣ ግን ራሷን ይዛ።

ድፎዬ ማለት ትቻለሁ። ለምን ተዉት ብላ ጠየቀችኝ። የጎመኑን ሳህን ወደ እሷ ገፋሁት።

ታኅሣሥ ፫፣ በዓታ

ምጥ። እኛ ማርያም ማርያም፣ ወ/ሮ ዘይነባ ያ ፋጡማ። ሐኪሙ በጭቃ እየተንሸራተተ መጣ። የአስ. እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ። መርፌ ወጋት። ጠበቅን። እጇ ተፈታ።

ሴት ልጅ። ትንሽ፣ የቆጮ ቁራሽ የምታህል። አለቀሰች። እናቲቱ ዓይኗን ገለጠች፣ አባባ አለች። ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ከአልጋው ራስጌ ቆመ፤ በተሰባበረ አማርኛ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላት። ሁላችን ደነገጥን።

በማግሥቱ

ማስታወሻዬ፣ አንተን መዋሸት ከባድ ነው። የትናንቱ ሁሉ እውነት ነው፤ የሐኪሙ ቃል ብቻ የኔ ፈጠራ ናት። እሱ ምንም አላለም። ሻንጣውን ዘጋ፣ ሄደ። ያንን ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የቤቱ ሽማግሌ። አፌን ከፈትኩ፣ የእናቷ ፊት መጣብኝ፤ ወጥቼ በቅሎዋን ሳሽ አመሸሁ። ስለዚህ ቃሉን ለጠላት አበደርኩት።

አስ. ነቅታለች። ድምጿ ይሰማኛል፣ ሕፃኗን እየተቆጣች። ብዕሬን አስቀምጬ ገብቼ ልበላት፣ እንኳን ማ—