ከጣቷ የቀደመ ምላስ

ደብረ ታቦር፣ መጋቢት ፲፩ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለመርሻ ይሻው፤
ሀዋሳ።

የአባቶቻችን አምላክ በምትውልበትና በምታድርበት ሁሉ ጥላ ከለላ ይሁንህ። እኔና እናትህ በቸርነቱ ደኅና ነን። የእናትህ ጉልበት በዚህ ጾም ስግደቱን አልቻለውም፤ ተቀመጪ ብላት እንቢ ብላለች። ከጉና የሚወርደው ብርድ ዘንድሮ እስከ መጋቢት አልለቀቀንም።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው እሑድ ለእናትህ በስልክ የተናገርከው ቃል ነው። «ሊድያ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ ማንበብ ካቃታት እኔን ወጥታ ነው። ሰኔ ላይ ላኩልኝ፤ የእንጨት ሥራ ቤቱን ትጠብቅልኛለች» ብለሃል። እናቷ ካረፈች ወዲህ ልጅቱን ያሳደግነው እኛ ብንሆንም፣ አባቷ አንተ ነህና ፈቃድህን አልሽርም። ነገሩን ግን ከሥሩ ስማኝና ፍረድ።

በጥቅምት ወር ከትምህርት ቤቷ ወረቀት መጣ። ሊድያ ንባብ ከከበዳቸው ስምንት ሕፃናት ጋር በየጠዋቱ፣ ከክፍል በፊት፣ ግማሽ ሰዓት እንድትማር አሳዳጊዋ ይፈርም ይላል። አልፈረምኩም። አርባ ዓመት ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው የልጅ ልጄን ከደካሞች ጋር ላስቀምጥ? መቋሚያዬን ይዤ፣ ሊድያን አስከትዬ፣ መልእክተ ዮሐንስን በብብቴ ሸጉጬ ሄድኩ።

መምህርቷ ትርንጎ ትባላለች፤ የሐሙሲት ልጅ ነች፤ በዕድሜ ከአንተ ታንሳለች። ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

«ይህች ልጅ ታነባለች» አልኳት ሳልቀመጥ።

«እስቲ ያስነብቧትና እኔም ልስማት፣ የኔታ።»

ሊድያ መጽሐፉን ዘርግታ፣ ጣቷን አኑራ ንባቡን አንበለበለችው። ደረቴን ነፋሁ። መምህርቷ ቀስ ብላ መዳፏን በገጹ ላይ አሳረፈች። ሊድያ አላቆመችም፤ በመዳፉ የተሸፈነውን ሁሉ አንዲት ቃል ሳትስት ዘለቀችው።

ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጆሮዋ ተአምር ነው» አለች ትርንጎ። «ዓይኗ ብቻ ነው ኋላ የቀረው።»

«ሰነፍ ናት ማለትሽ ነው?»

«ሰነፍማ ይህን ሁሉ በቃሉ ይይዛል፣ የኔታ?»

ወደ ልጅቱ ዞሬ ስለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። እሷም እንደ ተማሪዎቼ የኔታ ነው የምትለኝ። «የኔታ ይመታሉ ብዬ ነዋ!» አለችኝ፣ የማይጠየቅ ነገር እንደ ተጠየቀ ሰው።

ፈረምኩ። በማግሥቱም ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጆቹ በካርቶን የተጻፈውን ፊደል በጣታቸው እየነኩ አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ከዚያ ሁለቱን ይገጥማሉ፤ ከዚያ ቃሉን ያነባሉ። የሳተ ቢኖር ማንም አይስቅበትም፤ እንደገና ይጀምራል።

«ይህማ የእኛው ቁጥር ነው!» አልኩ ሳላስበው። ጀማሪ ሁሉ በስንደዶ እየጠቆመ ፊደል ለፊደል የሚለቅመውን የእኛን ቁጥር ታስታውሰዋለህ።

«ከእናንተ ሰርቀን ነው፣ የኔታ፤ አለንጋውን ብቻ ተውንላችሁ» አለችኝ። ሕፃናቱ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ሊድያን ቁጥሩን ሳትጠግብ ወደ ንባብ ያሻገርኳት እኔ ነኝ። ምላሷ ፈጠነና ደስ አለኝ፤ ለእንግዳ ሁሉ እያስነበብኩ ተመጻደቅኩባት። ይህ ትዕቢት ነው፤ ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ።

አሁን አምስት ወር ሆናት። ባለፈው ሐሙስ ከመድኃኒት ቤቱ በር ላይ «ዛሬ ዝግ ነው» የሚለውን ጽሑፍ እየጠቆመች ለቀመችው። ሁለት ጊዜ ሳተች፤ ቆሜ ጠበቅኳት። ከማንም ያልሰማችውን ስታነብ ያን ቀን አየሁ። ይሁን እንጂ ገና ናት፤ መምህርቷ አንድ ዓመት ይጨመርላት ትላለች። በሰኔ ከወሰድካት የተጀመረው ይቀራል፤ ዕድሜ ልኳን በምላሷ ብቻ ትኖራለች።

መርሻ፣ አንተንም የየኔታ ልጅ ከእኩዮቹ ኋላ አይቀርም ብዬ ከቁጥር ያለጊዜህ አሻግሬሃለሁ። በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ሰነፍ ብዬሃለሁ። በአሥራ አራት ዓመትህ ሳትሰናበተኝ ስትወጣ ከትምህርት የሸሸህ መስሎኝ ኖርኩ። ያች መምህርት መዳፏን በገጹ ላይ ባሳረፈች ጊዜ ግን በዓይኔ የታየችኝ ሊድያ ብቻ አልነበረችም። ከዚህ በላይ በወረቀት አልጽፈውም፤ ፋሲካን መጥተህ ብትውል ግን በቃል እነግርሃለሁ።

ይህን ደብዳቤ ፊደሉን አጉልቼ፣ ቃል ከቃል አራርቄ ጽፌዋለሁ። እንደ ቀድሞው ለጎረቤትህ ለሀብታሙ ሰጥተህ አታስነብብ። በጣትህ እየጠቆምክ ራስህ ልቀመው፤ ሳምንት ቢፈጅም ይፍጅ፤ ቆሞ የሚቆጣህ የለም። መልስህንም በስልክ አልፈልገውም፤ በገዛ እጅህ ጻፍልኝ። «ትቆይ» ብትለኝ ይበቃኛል። ሦስት ፊደል ነው፤ ቢጣመምም አነበዋለሁ።

እግዚአብሔር ዓይንህን ያብራ፤ እጅህን ያጽና።

አባትህ
ይሻው