የወንድምሽ ክፍል መብራት

ይድረስ ለልጄ፣ ለታላቋ

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ለጉልበቴ የላክሽው ቅባት ሽታው ነው የከበደኝ እንጂ ጥሩ ነው። ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ፊደሌ ቢጣመም አትሳቂብኝ። የላክሁልሽን ፎቶ አይተሽ «እማዬ፣ ቀሚስሽ ለምን ተጨማደደ?» ብለሽኝ ነበር። ካውያዬ ገመድ የለውም።

እንደነገርሽኝ የፊውዙን ሳጥን አስቀየርኩ። የመጣው ከወንድምሽ ጋር የኤሌክትሪክ ሥራ ይሠራ የነበረው ጓደኛው ነው፣ ያ ረጅሙ ቀልደኛ። አሮጌዎቹን የሸክላ ፊውዞች ሲያይ፣ «እማማ፣ ይሄስ በዕድሜ አባቴን ይበልጣል፤ አንቱ እያልኩት ነው የምፈታው» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

የወንድምሽን ክፍል ፊውዝ ሲነቅል ግን ቀልዱ ጠፋ። እዚያ ውስጥ መኖር ያለባት ፀጉር የምታህል ሽቦ ናት፤ ሲበዛባት ተበጥሳ ቤቱን የምታድን። እሱ ያገኘው ወፍራም የተገመደ መዳብ ነው። ከኋላው ያለው እንጨት ከስሏል። «የካውያ ገመድ ሽቦ እኮ ነው! ቤቱ እላይዎ ላይ ይነድ ነበር» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ሰው ምን ነካው? እኛን በዚህ ሲሰድበን እንዳልኖረ» አለ። ወንድምሽን ማለቱ ነው።

እኔም ውሃ ላምጣልህ ብዬ ወጣሁ።

መብራት ሳያጠፋ መውጣት አመሉ እንደነበር ታውቂያለሽ። ስጨቃጨቀው ነው የኖርኩት። የዚያን ዕለት ጠዋትም አብርቶት ወጣ። ሲመለስ በዓይኑ አሳይቼ ልቆጣው ብዬ ሆን ብዬ ተውኩት። ከሰዓት በኋላ ከመሰላል ወደቀ ብለው መጡ፤ እሱ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ማብሪያውን የነካ የለም። ፊውዙ ሁለት ጊዜ ተበጥሶ ነበር፤ ግን እንደገና በራ።

አዲሱ ሳጥን ለየክፍሉ ብሬከር የሚሉት፣ ሲበዛበት ራሱ የሚያጠፋ ማብሪያ አለው። ሁሉም ያዙ። የእሱ ክፍል ብቻ ወደ ላይ ሲገፋው ጠቅ እያለ ይወርዳል። የግድግዳው ሽቦ ተቃጥሏል፣ ግድግዳው ካልተፈለፈለ አይሆንም አለ። እንደ ድሮው እሰርልኝ ብዬ ለመንኩት። «እማማ፣ በዚህስ አይለምኑኝ» ብሎ ፕላስተር ለጥፎበት ሄደ። ምን ላድርግ? ክፍሉ ጨልሟል። ማብሪያው ግን እሱ እንደተወው ነው።

ልጄ፣ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ያ ልጅ ያየውን ለጓደኞቹ ማውራቱ አይቀርም። ወንድምሽ ደግሞ በሥራው ጠንቃቃ ነው ተብሎ የኖረ ነው፤ የቀረልኝም ስሙ ነው። እኔ ልነግረው እስከ በሩ ተከትዬው ነበር፤ አፌ እምቢ ብሎኝ «በርታ» ብዬው ተመለስኩ። አንቺ ደውዪለትና የእሱ እጅ ሥራ አይደለም በይው። የማን ነው ካለሽ፣ የምትመልሺውን አታጪም።

እኔ ያየሁትን አንቺ አትዪ። አርጅተሽ፣ ልጆችሽ ይቅበሩሽ። ካውያ ግን አትላኪልኝ።

የሁለታችሁ እናት