“ላይ” አልኳቸው

የካቲት 4፣ ረቡዕ። ከቀኑ 11 ሰዓት
የግራ ክንፉን ሙጫው እንደገና አልያዘውም። ሦስተኛዬ ነው። ሱቅ ዘግቼ፣ የሰው ሞባይል ተፈታቶ ተቀምጦ፣ እኔ ፎም እቆርጣለሁ። አባባ ክንፉን በጣታቸው ይዳብሳሉ፤ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ የሚያዩት በጣት ነው። 2 ሚ.ሜ. ጠማማ ነው አሉ። ለካሁት። 2 ሚ.ሜ.። ጠላኋቸው።

የምንሠራት በወጣትነታቸው ይጠግኗት የነበረችውን የማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው፣ በአንድ ስድስተኛ መጠን፣ በሪሞት የምትበር። እሳቸው ዕድሜ ልክ የአውሮፕላን መካኒክ። ልጃቸው ጭሮ ላይ ሞባይል ጠጋኝ። ደብተሬ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አንድም ሥራዬን አመስግነው አያውቁም። ይቺን እንኳ።

የካቲት 9፣ ሰኞ
ሞተሩ ከድሬዳዋ መጣ። ባትሪውን ከሞቱ ላፕቶፖች አውጥቼ ራሴ በየድኩት። ፕሮፔለሩ ሲዞር የጠረጴዛው ወረቀት ሁሉ ተበተነ። እንደ ሕፃን ዘለልኩ። አባባ አዳመጡ፣ አዳመጡና፣ ጎረቤታችን ኦቦ ጀማል ባሉበት፣ ይሄ እጅ እውነተኛ ሞተር ቢነካ ስንት ሰው ይጨርስ ነበር አሉ። ኦቦ ጀማል ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

የካቲት 13፣ ዓርብ
ቦርደዴ ሄድኩ። ሜዳ ያለው እዚያ ነው፣ የእኛ ከተማ ዳገት ብቻ። ክንፏን ጭኔ ላይ አስተኝቼ በሚኒባስ፣ ብቻዬን። በረረች! አራት ደቂቃ ሙሉ። ሳሳርፋት አንድ ጎማ ታጠፈብኝ። ቤት ገብቼ ነገርኳቸው። ካላረፈች አልበረረችም አሉ። እሁድ እሳቸው ያስነሷታል፤ በድምጿ አውቃታለሁ ባይ ናቸው። ጫት አብረዋቸው የሚቅሙትን የበርጫ ጓደኞቻቸውንም ጠርተዋል።

የካቲት 15፣ እሁድ። ከቀኑ 10 ሰዓት
በተራ ልጻፈው።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቦርደዴ ሜዳ ድረስ መጡ። አባባ የድሮ ሥርዓት አላቸው፦ ከመነሳት በፊት አንዱ መሪውን ይስባል፣ ጭራው ጋ የቆመው ያየውን ይናገራል፤ የጭራው መታጠፊያ ወደ ላይ ከሄደ ትነሳለች፣ ወደ ታች ከሄደ ትከሰከሳለች። እዚያ ላይ አይዋሽም፤ ሰው ይሞታል። ጭራው ጋ የምቆመው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ግን፣ ጭራዋን የሰካት ይሄ ስለሆነ ጸልዩልኝ ብለው አሳቁብኝ። ሁሉም ሳቀ። ሪሞቱን ላስተካክለው ብዬ ተቀበልኳቸው። የጭራዋን መታጠፊያ አቅጣጫ የምትቀይር ቁልፍ አለችው። ገለበጥኳት። መለስኩላቸው።

ሳቡ። ጭራ? አሉ። መታጠፊያው ወደ ታች ወርዷል፣ አየዋለሁ። “ላይ” አልኳቸው።

ሮጠች። በፍጥነቷ ብቻ ተነሳች። አባባ ከፍ ሊያደርጓት ሳቡ፤ በአፍንጫዋ ተተከለች። ኦቦ ጀማል፣ “አይዞህ፣ ዓይንህ ስለማያይ ነው እኮ” አሏቸው። አባባ ሪሞቱን እንደያዙ ቀሩ። ደስ አለኝ። ካንተ አልደብቅም ደብተሬ፣ ደስ አለኝ።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 6 ሰዓት
ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ጠዋት የመፍቻ ሣጥናቸውን ሰፈር ላለው ጋራዥ ሰጡት፤ ለማያይ ሰው ምን ይሠራል ብለው። ማንንም እንዲያነሳው የማይፈቅዱትን ሣጥን።

አሁን ጠሩኝ። እጄን ያዙ። “ጎበዝ ነህ ልጄ። ሥራህ እንከን የለውም፣ የሰበርኳት እኔ ነኝ” አሉኝ። አለቀሱ። አባባ። እኔም አለቀስኩ፣ በሌላ ምክንያት።

እውነቱን ብነግራቸው ይበላሉ። ሣጥኑንም ያስመልሳሉ። ያሉኝን ግን ይወስዱብኛል፣ ለዘላለም።

አልነግራቸውም። ሾርባ ላስገባላቸው ነው። አጠገባቸው ዝም ብዬ ብቀመጥ፣ ምናልባት ደግመው ጎበዝ ነህ ይሉኝ ይሆናል።