ስለ መስኮት ቁጥር ሦስት ቁመት

ለክቡር የከተማችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣
ካሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይ ለወገብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ወገብን ለይቼ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በግቢዎ ውስጥ ሠራተኛው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ባለጉዳዩ ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ ከልጅነቴ ጀምሬ ስላየሁ ነው። እኔ ባለፈው ረቡዕ የመስኮት ቁጥር ሦስትን ማጠፊያ እንዳጠብቅ በራስዎ ትእዛዝ ተጠርቼ፣ ማጠፊያውን ትቼ የጣውላውን ግድግዳ በመጋዝ ወደ ላይ የቀደድኩት አናጢ ነኝ። የመንግሥት ንብረት በማበላሸት ተከስሼ ሰኞ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። ሆኖም ቸርነትዎ ሰፊ ስለሆነ፣ መስኮቱን ወደ ነበረበት ከመለስኩና የይቅርታ ደብዳቤው ላይ ከፈረምኩ ክሱ እንደሚነሳልኝ፣ እምቢ ካልኩ ግን እኔ ስታሰር የአርባ ዓመት የእንጨት ሥራ ቤቴም እንደሚታሸግ በጸሐፊዎ በኩል አስታውቀውኛል። ለዚህ ምሕረት ምስጋናዬን በአደባባይ ሳላቀርብ ብቀር ነውር ይሆንብኛል።

፩ኛ. በነጻነት ቀን ስላሰሙን ንግግር አመሰግናለሁ። ጉቦ ባዕዳን ገዢዎች ጥለውብን የሄዱት ሸክም እንደሆነና ታሪክ ሌላ መንገድ እንዳልሰጠን አስረዱን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ፀሐዩ በርትቶ ስለነበር ንግግሩ ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጌ ነው። ግማሹ እውነት መሆኑን አልክድም። መስኮቶቹን የሠራቸው አባቴ ነው፤ ያሠራው ደግሞ የባዕዱ አገረ ገዢ። ትእዛዙ መስኮቱ በቆመ ሰው እምብርት ልክ እንዲውል፣ የክፍተቱ ቁመት ከሁለት ስንዝር እንዳይበልጥ የሚል ነበር። አባቴ ልኩ ተሳስቶ እንደሆነ ቢጠይቅ፣ የአገሬው ሰው ጉዳዩን የሚናገረው ጎንበስ ብሎ ነው የሚል መልስ ተሰጠው። እንደታዘዘው ሠራ፣ ደመወዙንም ተቀበለ።

፪ኛ. ቀሪውን ግማሽ ግን እርስዎ ስለዘለሉት እኔ ልሙላልዎ። ባዕዳኑ በሄዱ ማግስት ባንዲራው ተቀየረ፣ የግድግዳው ፎቶግራፍ ተቀየረ፣ የመንገዱ ስም ተቀየረ። አባቴ መጋዙንና ውሃ ልኩን ይዞ በጠዋት አዲሱ ኃላፊ ዘንድ ሄደና መስኮቶቹን ሰው ቆሞ በሚነጋገርበት ልክ በነጻ ላንሳቸው ብሎ ለመነ። አዲሱ ኃላፊ በትህትና ሥራ እንደበዛባቸውና በኋላ እንደሚታይ ነገሩት፤ ከዚያም ከመስኮቱ ጀርባ ሄደው ተቀመጡ፤ ወንበሩም ተስማማቸው።

ጣውላ ብቻውን ሰውን ሐቀኛ ያደርጋል የምል ሞኝ አይደለሁም። ገዢዎቹ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ገልባጭ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን ጠያቂም ቢያወጡ፣ ከእነርሱ በፊት የከተማው ሹም በገበያ መሃል ቆሞ ምን እንደሰበሰበና ምን ላይ እንዳዋለው የሚናገርበትን ልማድ ባይከለክሉ፣ ሲወጡም ቁልፉን ለታዛዦቻቸው ሰጥተው በአንድ ሳምንት ውስጥ ባይሾልኩ፣ ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። እነዚህ የእኛ ጥፋት አይደሉም። ያ ጠዋት ግን የእኛ ነበር፤ መጋዙም የእኛ፣ እጁም የእኛ። በዚያን ቀን እምቢ ያለን ባዕድ አልነበረም።

፫ኛ. ሌላ መንገድ አልነበረም ለሚለው ቃልዎ ከወንዙ ማዶ ያለችውን ትንሽ ከተማ ምስክር እጠራለሁ። እዚያ ጎርፍ የጽሕፈት ቤቱን ግድግዳ ወስዶት ሠራተኞቹ ሦስት ዓመት ሙሉ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ሠሩ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ለሻይ የጠየቀ አልነበረም። ደግ ስለሆኑ አይደለም፤ የገዛ አማትህ ከሰልፉ ውስጥ ቆማ ዓይን ዓይንህን እያየችህ እጅህን መዘርጋት ስለሚከብድ ነው። ከዚያ ከዋናው ከተማ መመሪያ መጣ፤ አሠራር ወጥ ይሁን፣ ግድግዳው ይመለስ፣ መስኮቱም በተለመደው ልክ ይሁን ተባለ። ያኔም የሠራው አባቴ ነው። የሚያበላቸው ልጆች ነበሩበት፤ ከሚበሉትም አንዱ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ለራሱ ጉዳይ እንኳ ወደ መስኮት ቀርቦ አያውቅም፤ እናቴን ይልክ ነበር። የምትጎነብሰው እናቴ ነበረች ማለት ነው። እኔም እነዚያኑ መስኮቶች ሠላሳ ዓመት ስጠግን ኖሬያለሁና ንጹሕ ነኝ አልልም፤ አፍራለሁ።

፬ኛ. ስለ ባለቤቴ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ወገቧን ጨርሳ ጡረታ ወጣች። የጡረታ ወረቀቷን ለማስጨረስ መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ አራት ወር ነገ ነይ እየተባለች ተመላለሰች። በመጨረሻ በመስኮቱ በኩል አንድ እጅ ወጥቶ መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋላት። ፊት አልነበረውም፤ እጅ ብቻ ነው። ይህንን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። በማግስቱ ማጠፊያውን እንዳጠብቅ ሲጠሩኝ ሥራዬን አውቄ ነው የመጣሁት፤ ባለቤቴም ከመስኮቱ ፊት ወረፋ ይዛ ቆማ ነበር።

መጋዙ እላይ ደርሶ ጣውላው ሲወድቅ ከወዲያ በኩል የታየው ሰው የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነበር። የሠርጉን አልጋ የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴን እማማ እያለ ነው ያደገው። ፊቱ ቀላ፤ ከወንበሩ ተነሣ። "እማማ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?" አለ። ማኅተሙን ሰው ሁሉ እያየው መታላት። ሰውየው ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ያ የተዘረጋው እጅ የእርሱ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሌሎቹ መስኮቶች ሰልፈኞች በሙሉ ወደ ቁጥር ሦስት ዞሩ፤ ለአምስት ሰዓት ያህልም ማንም ነገ ና ሳይባል ተስተናገደ። በስድስተኛው ሰዓት እርስዎ ደርሰው በጣውላ አሳሸጉት። ታሪክ ሌላ መንገድ አልሰጠንም ካሉኝ፣ አምስት ሰዓት ሰጥቶን ነበር፤ የወሰደብን ማን እንደሆነ ሰልፈኛው ሁሉ አይቷል።

የይቅርታ ደብዳቤዎን ቤት ወስጄ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሥራ ቤታችን እንደሚታሸግ ታውቃለች፣ ከእርሱ ሌላ መተዳደሪያ እንደሌለንም ታውቃለች። ጨርሳ ሰማችኝና "እኔስ ወገቤን አሞኝ ነው የምጎነብሰው፤ አንተን ምን አመመህ?" አለችኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ አልፈርምም። መስኮቱንም አልመልስም። አባቴ እዚህና ከወንዙ ማዶ ሠርቶታል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ግን የዚህ ቤተሰብ እጅ እንዲህ ያለ መስኮት አይሠራም፤ ያንን ልክ የሚመልስልዎት ሌላ አናጢ ይፈልጉ። ሰኞ በጠዋት መጋዜን ለኤግዚቢትነት ጠቅልዬ፣ ንጹሕ ሸሚዜን ለብሼ እቀርባለሁ።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣ ዘመንዎ እንደ መመሪያዎ የረዘመ፣ እንቅልፍዎ እንደ ሰልፋችን የማያቋርጥ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ቆሜ የጻፍኩት
የቁጥር ሦስቱ አናጢ።

ሳልዘነጋው፦ የቢሮዎን ወንበር የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ቁመትዎን በሚገባ አውቀዋለሁ፤ ከእኔ በአንድ ስንዝር ይረዝማሉ። በመጪው ዓመት ጡረታ እንደሚወጡም ሰምቻለሁ። የጡረታ ወረቀት የሚያልቀው በመስኮት ቁጥር ሦስት ነው፤ መስኮቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ እርስዎ ከባለቤቴ ይበልጥ መጎንበስ ይኖርብዎታል።